ፑል መውደድህ ወደ ሱስ እየሄደ ከመሰለህ ከየት ትጀምራለህ?

ፑል ቆንጆ ጨዋታ ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው ስለ ፑል የሚመክር ሰው ብዙ ጊዜ ከስድብ ስለሚጀምር ነው። ፑል ቤት የገባ ሁሉ ዱርዬ፣ ዱላ የጨበጠ ሁሉ ሥራ ፈት ይባላል። እንዲህ የሚል ሰው ኳሷን ከትቶ በዱላ የምትመታው ነጯ ኳስ ልክ ባሰበላት ቦታ ስትቆምለት የሚሰማውን ደስታ አያውቀውም። ማዕዘን ማስላት አለ፣ ትዕግሥት አለ፣ እጅን ማረጋጋት አለ።

ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ የወር ደሞዝ ያልቃል። ትምህርት ይቋረጣል። ትዳር ይናጋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጨዋታውን እየወደደ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነገሩ ከእጁ እያመለጠ ለመሰለው ሰው ነው። እኔ እንደማምነው አብዛኛውን ሰው የሚያስሩት ከኳሱ ይልቅ በኳሱ ዙሪያ ያሉት ብር፣ እልህና ሰዓት ናቸው። እነዚህን አንድ በአንድ ከጨዋታው መነጠል ይቻላል። ቀላል ነው አልልህም፤ ግን ይቻላል።

1. መጀመሪያ ፍቅር ይሁን ሱስ ለይ

«የፑል ሱስ» የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ በሕክምና መዝገብ ላይ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ግን የቁማር ሱስና የቪዲዮ ጌም ሱስ ተመዝግበዋል። ሁለቱ የሚታወቁባቸው ሦስት ምልክቶች ራስህን ለመመዘን በደንብ ያገለግሉሃል።

አንደኛው፣ መቼ እንደምትጀምርና መቼ እንደምትነሳ አንተ መወሰን ሲያቅትህ ነው። «ሁለት ጌም ብቻ» ብለህ ገብተህ ጠረጴዛው ሲሸፈን ከወጣህ፣ ይህም አንድ ቀን ሳይሆን የዘወትር ልማድህ ከሆነ፣ ምልክቱ አለብህ። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ከሌላው ሁሉ ሲቀድም ነው። ልቅሶ ቤት ተቀምጠህ ሰዓት ታያለህ። ልጅህን ከትምህርት ቤት ማምጣት ሸክም ይሆንብሃል። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፦ ጉዳቱን በዓይንህ እያየህ መቀጠል። የቤት ኪራይ ዘግይቷል፣ አለቃህ አስጠንቅቆሃል፣ አንተ ግን ዛሬም እዚያው ነህ።

ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር አንድ ዓመት ያህል መቆየቱን ያያሉ። በጣም ከከፋ ግን ያን ያህል አይጠብቁም፤ አንተም አትጠብቅ።

ምልክት ያልሆነውንም ልንገርህ፣ ብዙ ሰው በከንቱ ይደነግጣልና። ዓይንህን ስትከድን ኳሶች ሲሽከረከሩ ቢታዩህ፣ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ባሉ ብርጭቆዎች መካከል መስመር ብታሰምር፣ ስልክህ ላይ የፑል ውድድር ብታይ፣ ይህ ለብቻው ሱስ አይባልም። አንድን ችሎታ በጥልቀት የሚለማመድ አእምሮ እንዲህ ያደርጋል። ቼዝ ተጫዋቹም፣ ጊታር ተማሪውም ያው ነው።

አሁን አንድ ፈተና ልስጥህ። አንድ ቀን ፑል ቤት ግባና ምንም ሳታስይዝ ተጫወት። ብር የለም፣ ቢራ የለም፣ ጫት የለም። የጠረጴዛውን ሒሳብ ቀድማችሁ እኩል ክፈሉ፤ የተሸነፈ ይክፈል አትበሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ተጫውተህ ከጣመህ፣ የምትወደው ፑልን ነው። «ያለ ብር ምን ይጣፍጣል?» ብለህ ከተነሳህ ግን ያሰረህ ቁማር ነው። ይህን ማወቅህ ከዚህ በኋላ የምትወስደውን እርምጃ ሁሉ ይቀይረዋል።

2. ለሁለት ሳምንት መዝግብ

ገና ምንም አታቁም። ዝም ብለህ ጻፍ። ትንሽ ደብተር ወይም የስልክህ ማስታወሻ ይበቃል። ስትገባና ስትወጣ ሰዓቱን፣ ስንት ሰዓት ልወጣ አስቤ ነበር የሚለውን፣ የወጣውን ብር በሙሉ (የጠረጴዛውን፣ የተበላኸውን፣ የሻዩንና የሲጋራውን፣ የመጨረሻውን ታክሲ ካመለጠህ የራይዱንም)፣ ከዚያ ደግሞ ከመግባትህ በፊት ምን ተሰምቶህ እንደነበር በአንድ ቃል። ደብሮህ ነበር? ከሚስትህ ጋር ተጣልተህ? ደሞዝ ወጥቶ? ወይስ ዝም ብለህ በዚያ በኩል ስታልፍ?

ብሩን በግምት አትጻፍ። ብዙ ሰው አሁን የሚከፍለውም የሚበላላውም በቴሌብር ነው። ያለፈውን ወር የክፍያ ዝርዝር ከፍተህ ለጨዋታ የላክኸውን ደምር። ድምሩን ስታይ ልብህ ሊደነግጥ ይችላል፤ ይደንግጥ። ማንም ካንተ ጋር አያየውም። አሸንፈህ የበላኸውንም ብር ጻፍ፣ አትደብቅ። ትርፍ ላይ ነኝ የሚል ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነው እውነቱ የሚታየው።

በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣልሃል። ለአንዳንዱ ዓርብ ማታ ነው። ለአንዳንዱ ደሞዝ የወጣበት ሦስት ቀን ነው። ለብዙ ወጣት ደግሞ ሥራ የሌለበት ረጅም ከሰዓት ነው። እዚያ ላይ ነው መሥራት ያለብህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከራስህ ጋር አትታገል።

3. የሚይዝህን ገመድ እወቀው

ፑል ቤት ውስጥ የሚሆነውን ቀስ ብለህ ተመልከት። ጨዋታውን የምትዘጋው ጥቁሯ ኳስ ገባች። አንተ ተሸንፈሃል። ዱላህን ገና አላስቀመጥክም፤ የቤቱ ልጅ ግን ኳሶቹን ከየቀዳዳው ለቅሞ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ መደርደር ጀምሯል። አሥራ አምስቱም ቦታቸውን ያዙ። ሦስት ማዕዘኑ ተነሳ። «ትደግማላችሁ?» ይላል፣ ፊትህን እንኳ ሳያይ። ያሸነፈህ ጓደኛህ ጠመኔውን ዱላው ጫፍ ላይ እያሸ ፈገግ ብሏል። ግድግዳውን ተደግፈው ተራ የያዙት ሁለት ልጆች «ከበቃህ ልቀቅ» ይሉሃል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንተ አስበህ አልወሰንክም። ጨዋታው ግን ተጀምሯል።

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። የተሸነፈ ስለሚከፍል ኪሳራህን ለማካካስ ትደግማለህ። ያሸነፈ ስለሚቆይ፣ ስታሸንፍም መነሳት እንደ ሞኝነት ይቆጠራል። ሦስተኛው እልህ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ስሜቱ ሲመጣ ብሩ ራሱ ይረሳል፤ የሚታይህ የዚያ ልጅ ፈገግታ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ቁማርን የሚያጠኑ ሰዎች «ለጥቂት መሳት» ለሚባለው ነገር ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። ለጥቂት የተሳተ ነገር፣ ከሩቅ ከተሳተው ይልቅ እንደገና ሞክር ሞክር ይላል። በሎተሪ ለጥቂት መሳት ምንም ትርጉም የለውም፤ የሚቀጥለውን ዕጣ አያሻሽለውም። ፑል ላይ ግን የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ የተመለሰች ኳስ የእውነት የምታስተምርህ ነገር አለ፤ እጅህን ትንሽ ብታስተካክል ትገባ ነበር። ፑልን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። «ቀጣዩን አስተካክላለሁ» ማለትህ ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ «ስለዚህ ብሬን ዛሬ ማታ አስመልሳለሁ» ስትል ነው።

ችሎታም አያድንም። እንግሊዛዊው ዊሊ ቶርን፣ ከፑል ጋር አንድ ዘር በሆነው በስኑከር ከታወቁ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ትልቅ የሙያ ውድድር አሸንፏል። በቁማር ሱስ ሕይወቱ እንደተመሰቃቀለ ግን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ ያረፈው በ2020 ነው። «እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አይመለከተኝም» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ እሱን አስታውስ። እንዲያውም ጎበዙ ነው ብዙ የሚያስይዘው።

4. ለአንድ ወር ሙሉ በሙሉ አቁም

እቀንሳለሁ ብለህ ከመጀመር ይልቅ አንድ ወር አቁመህ ብትጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በየቀኑ «ዛሬ ስንት ጌም?» እያልክ ከራስህ ጋር ከመደራደር አንድ ጊዜ ቆርጦ መወሰን ይቀላል። አንድ ወር ማቆም ካልቻልክ ደግሞ ያ ራሱ መልስ ነው፤ በቀጥታ ወደ 8ኛው ቁጥር እለፍ።

መንገድህን ቀይር። ከሥራ ስትወጣ በፑል ቤቱ በር የምታልፍ ከሆነ፣ አንድ ፌርማታ ቀድመህ ወይም አልፈህ ውረድ። የኳስ መጋጨት ድምፅ ከመንገድ ከተሰማህ እግርህ ራሱ ይወስድሃል፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባዶ የቀረውን ሰዓት ሙላ። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ በጣም ረጅም ነው። «መጽሐፍ አነባለሁ» ብለህ አትቀልድ፣ ከዚህ በፊት አንብበህ የማታውቅ ከሆነ። ሰውነት የሚያደክምና ሰው ያለበት ነገር ፈልግ፦ የሰፈር ኳስ፣ ጂም፣ ሩጫ፣ የማታ ኮርስ፣ ማኅበር። ፑል ቤት ካቆሙ በኋላ ብዙዎችን የሚመልሳቸው ብቸኝነት ነው። ጓደኛህ ሁሉ እዚያ ከሆነ፣ ጠረጴዛውን ስትተው ሰውም ያጣህ ይመስልሃል። ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ጓደኛህን ሌላ ቦታ አግኘው። ማኪያቶ ጋብዘው።

ለጓደኞችህ የምትለውን አስቀድመህ አዘጋጅ። ረጅም ማብራሪያ አትስጥ፤ ማብራሪያ ክርክር ይጋብዛል። አንዱ «ዛሬ የለህም እንዴ?» ብሎ ቢደውል፣

«አይ ወንድሜ፣ ለአንድ ወር አቁሜያለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው? አመመህ?»

«ደህና ነኝ። ቅዳሜ ቁርስ እንብላ?»

በቃ። ሙድ ይይዙብህ ይሆናል። አንድ ሳምንት ይይዙብሃል፣ ከዚያ ይረሱታል። በእውነት የሚወድህ ጓደኛ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ይመጣል።

ብርህንም ከራስህ አርቀው። ደሞዝ የወጣ ቀንና የእቁብ ዕጣ የደረሰህ ቀን ከሁሉም አደገኛ ናቸው። ኪራዩን፣ የልጅ ትምህርት ቤቱን፣ ለእናትህ የምትልከውን ገና ብሩ ሲገባ በዚያው ሰዓት ክፈል። ከተረፈው ለሳምንት የሚበቃህን ብቻ ያዝ። የምታምነው ሰው ካለ፣ ሚስትህም ትሁን ታላቅ እህትህ፣ የቀረውን ለጊዜው እሷ ትያዝልህ። ትልቅ ሰው ሆኖ ብሩን ለሌላ መስጠት ያሳፍራል። ወሩ መጨረሻ ላይ ብድር መጠየቅ ግን ከዚያ በላይ ያሳፍራል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍ ላይመጣልህ ይችላል፣ ማታ ማታ ምን እንደምትሠራ ግራ ይገባሃል። ፍላጎቱ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚያው ጠንክሮ አይቆይም፤ ይነሳል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። ያንን ጊዜ በእግርህ እየሄድክ አሳልፈው።

5. ጫቱንና መጠጡን ለይተህ ተመልከት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፑል ሱስ ሆነብኝ የሚለው ሰው አንዳንዴ ዋናው ችግሩ ሌላ ነው። ቅሞ ከመረቀነ በኋላ ሰውነቱ ሥራ ይፈልጋል፤ እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ፑል ጠረጴዛ ይሆናል። ጫቱ ካልቀረ ፑሉ አይቀርም። ደብተርህን ገልብጠህ ሳትቅም የገባህባቸውን ቀኖች ፈልግ። እነዚያ ቀኖች ጥቂት ከሆኑ፣ ወይም በጊዜ የወጣህባቸው ከሆኑ፣ ከየት መጀመር እንዳለብህ አወቅህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጥ በአንድ ቀን በድንገት ማቆም የለበትም። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ ከዚያም አልፎ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም አማክር።

6. ዕዳ ካለብህ

ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፍ፦ ለማን፣ ስንት፣ መቼ ልከፍል ቃል ገብቼ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ራስህ ደውል። እነሱ እስኪደውሉ አትጠብቅ። «በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ» በል፤ የምትችለውን ብቻ በል። አንዱን ዕዳ ለመክፈል ከሌላው አትበደር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕዳህን በጨዋታ ለመክፈል አትሞክር። ብዙ ሰው ወደ ጥልቁ የገባው እዚህ ላይ ነው።

7. ከወሩ በኋላ፦ መመለስ ወይስ መተው?

ዕዳ ውስጥ የገባህ፣ የቤት ዕቃ የሸጥክ፣ ለቤተሰብ የዋሸህ፣ የሰው ገንዘብ የነካህ ከሆነ አትመለስ። ጨዋታውን እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትመለስ። ችግርህ ሰዓት ማባከን ብቻ ከነበረ ግን ፑልን በሌላ መንገድ መውደድ ትችላለህ።

ሰዓትህን ቀይር። ጠዋት ሂድ። ጠዋት ፑል ቤት ጸጥ ያለ ነው፤ ተመልካች የለም፣ ተራ ጠባቂ የለም፣ እልህ የሚያስይዝህ የለም። የቤቱን ልጅ «ብቻዬን ልለማመድ፣ የአንድ ሰዓት ስንት ነው?» ብለህ ተስማማና ቀድመህ ክፈል።

ከዚያ ይህን ሞክር። አንዲት ኳስ ከማዕዘን ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ከቀዳዳው ሁለት ስንዝር ያህል አርቀህ አስቀምጥ። ነጯን ደግሞ በዚያው ቀጥታ መስመር ላይ፣ ከኳሷ ሌላ ሁለት ስንዝር አርቀህ አስቀምጥ። ነጯን ከመሐሏ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ምታ። ዓላማህ ኳሷ እንድትገባና ነጯ በተጋጩበት ቦታ ቀጥ ብላ እንድትቆም ነው። ነጯ ወደፊት ከተከተለች ከፍ አድርገህ ወይም አለስልሰህ መትተሃል። ወደ ኋላ ከተመለሰች በጣም ዝቅ ብለሃል። ወደ ጎን ካፈነገጠች መስመሩን ስተሃል። ሲሳካልህ ርቀቱን አንድ ስንዝር ጨምር። ሲርቅ ነጯ በመንገድ ላይ መንከባለል ስለምትጀምር ምቱ የበለጠ ይከብዳል። ማንንም ሳታሸንፍ፣ በማንም ሳትሸነፍ፣ ፑል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ የሚገባህ እዚህ ላይ ነው።

ከሰው ጋር ስትጫወት ደግሞ የጌሙን ብዛት ከመጀመርህ በፊት ተናገር፣ ጮክ ብለህ። «ሦስት ነው፣ ከዚያ እሄዳለሁ።» «እስካሸንፍ» የሚባል ቁጥር የለም። ሒሳቡ እኩል ይሁን። ሦስተኛው እንዳለቀ ዱላውን ግድግዳው ላይ መልስና ውጣ፤ ቆሜ ልይ አትበል። ደንብህን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ካፈረስክ እንደገና አንድ ወር አቁም።

8. ብቻህን ካልቻልክ

የአእምሮ ሐኪም ጋር መሄድ የእብድ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በዘርፉ ቀደምት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ክፍለ ሀገር ከሆንክ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ አላቸው፤ ካልሆነም በአቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መኖሩን ጠይቅ። ውጭ አገር የምትኖር ከሆነና ብር ማስያዝ ከገባበት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረው የጋምብለርስ አኖኒመስ (ቁማር ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ በብዙ ከተሞች አለ። ክፍያ አይጠየቅም፣ ስምህን በሙሉ መናገርም አይጠበቅብህም። የንስሐ አባት ወይም የምታከብረው የሃይማኖት አባት ካለህ እሳቸውንም አማክር፤ ሕክምናውን ግን አትተው።

ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ቀጠሮ አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገርና አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በቁማር ዕዳ የተያዘ ሰው ላይ ይህ ሐሳብ ይመጣል፤ መጥቶም የታከሙና ዛሬ በሰላም የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

ለቤተሰብ ደግሞ ይህን ልበል። እናት፣ አባት፣ ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ልጁ ከፑል ቤት ሲገባ በር ላይ ቆማችሁ አትጩኹ። ያን ሰዓት ተበልቶ፣ ተናድዶ፣ አፍሮ ነው የሚገባው፤ የምትሉት አይሰማውም። ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ተናገሩ። «አንተ ቁማርተኛ» አትበሉት። ያያችሁትን ንገሩት፦ «ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ራት አብረን አልበላንም። የመብራቱ ብርም የለም። ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ ዝም በሉና አዳምጡ። ዕዳውን በድብቅ አትክፈሉለት፤ ከፈላችሁም በእጁ ሳይሆን ላበደረው ሰው ስጡ። ሐኪም ጋር እሄዳለሁ ካለ አብራችሁት ሂዱ፤ የካርድ ክፍል ወረፋውን ብቻውን አይቁም። የሁለት ሳምንቱን ደብተር ይያዘው። ሐኪሙ «በሳምንት ስንት ቀን? ስንት ሰዓት? ስንት ብር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።